በየጠረጴዛው አንድ ቁራጭ ዳቦ

ሺማኔ፣ ጃፓን
ጃንዋሪ 20 ቀን 2002

ለተከበሩና ለምወድዎ አክስቴ ለአይሲልዳ፣

ይህ ደብዳቤ በሰላምና በጤና፣ ጉልበትዎንም ሳያምዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም። ብርዱ ግን የጤና አይደለም። ቤት ውስጥ ኮት ደርቤ ነው የምጽፍልዎ፤ እስክሪብቶው ራሱ ቀለም የሚሰጠኝ እየለመንኩት ነው።

በመዘግየቴ አይቀየሙኝ። የምነግርዎ ነገር ነበረኝ፤ ከየት እንደምጀምረው ጠፍቶኝ ነው የከረምኩት። እንግዲህ ልናገረው፦ እዚህ ሥራዬ ላይ አንድ ዓመት ጨመርኩ። ባለፈው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ኡኖ ፊት ፈረምኩ። አቶ ኡኖ ማኅተሙን መታና ጎንበስ አለ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ፤ እሱም እንደገና ጎንበስ አለ። ቀድሜው ባልወጣ ኖሮ እዚያው ስንሰጋገድ ይመሽብን ነበር።

ዘንድሮ እመጣለሁ ብለው ሲጠብቁኝ እንደነበር አውቃለሁ። ግን አክስቴ፣ እዚህ ደስ ይለኛል። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ካሳደገኝ ሰው ርቆ ደስ መሰኘት ልክ አይመስለኝም። ጠዋት በር ላይ ጫማዬን አውልቄ የቤት ውስጡን አጠልቅና ወደ መምህራን ክፍል እገባለሁ፤ ሁሉም ከተቀመጠበት «እንደምን አደሩ!» ይለኛል። ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ ሥር ነው። ምሳዬን ከተማሪዎቹ ጋር እበላለሁ፤ ከምሳ በኋላ መምህሩም ተማሪውም እኩል ተንበርክኮ ወለሉን ይወለውላል። አዲሶቹ ልጆች «መምህር፣ ጃማይካ አንበሳ አለ?» ሲሉኝ፣ «አንድ አለች፣ አክስቴ ናት» እላቸዋለሁ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩን አቶ ኩሱሞቶን ብቻ እስካሁን ማወቅ አቃተኝ። ሲከፋውም ሲደሰትም በጥርሱ መሀል አየር እየሳበ ጥርሱን ይመጥጣል። ጥርስ መምጠጥ ስድብ በሆነበት በእኛ ሰፈር ቢሆን ይህን ጊዜ ስንት ጠብ ተነስቶ ነበር! ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ከብስክሌቴ ላይ እሱ ነው የሚጠርግልኝ።

እግዚአብሔር እርስዎን ያቆይልኝ። ፎቶዎን ይላኩልኝ።

ልጅዎ ኖርዲያ

———

ማልቨርን፣ ሴንት ኤሊዛቤት፣ ጃማይካ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2002

ለልጄ ለኖርዲያ፣

የሠራዊት ጌታ ከብርድም ከክፉ ዓይንም ይሰውርሽ። እኔ አለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ደስ ይለኛል ብሎ መጻፍ ለምን እንዳሳፈረሽ አልገባኝም። ያሳደግኩሽ ስታለቅሺ እንድትኖሪ ነው እንዴ? ቆዪ። እኔ አላማርርም። የሚያማርሩት ጎረቤቶቼ ናቸው። «ሚስ አይሲ ብቻዋን ቀረች፣ ወይኔ!» ይላሉ፣ ገበያ ላይ፣ እኔው እየሰማሁ። ብቻዬን አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያኔ አለ፣ ዶሮዎቼ አሉ። የዝናብ ውሃ ታንኩ ተሰንጥቆ ዲያቆን ኦስበርን መጥቶ ደፈነልኝ። ሠርቶ ጾሙን የሚሄድ ሰው የለምና በልቶ ሄደ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አሁን ስሚኝ። የፋሲካ ዳቦ ልኬልሻለሁ። ሁለት ትልልቅ ናቸው፤ ዘቢብ አልቆጠብኩበትም፤ የቆርቆሮ አይብም አለበት። ብቻሽን ተደብቀሽ እንዳትበዪው፣ አውቅሻለሁ። ቆርሰሽ አብሮሽ ለሚሠራው ሰው ሁሉ ስጪ፤ ከትልቁ እስከ ትንሹ አንድም ሰው እንዳይቀር። በበዓል እጇን ያልዘረጋች ልጅ አሳዳጊ የበደላት ነው የምትባለው፤ እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም።

ከቻልሽ የአትክልት ጓንት ላኪልኝ። የወንድ ቁጥር ይሁን፤ ጣቴ በእርጅና ወፍሯል።

በጸሎት የማትረሳሽ አክስትሽ
አይሲልዳ

———

ሺማኔ
ማርች 22 ቀን 2002

ለክብርት አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዳቦዎም ደህና ገብቷል። ፖስተኛው ሳጥኑን ሲያስረክበኝ አፍንጫው ሳጥኑ ላይ ቀርቶ ነበር።

እንዳዘዙኝ አደረግኩ። ዛሬ ማልጄ ገብቼ ቆረስኩት፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ከአይቡ ጋር በወረቀት ጠቀለልኩና በየጠረጴዛው አንዳንድ አስቀመጥኩ። ባዶውን ዳቦ ብቻ ማስቀመጥ ጨዋነት ስላልመሰለኝ ጎረቤቴን ወይዘሮ ታዳኖን በቋንቋቸው አጽፌያት ነበር፤ በትንንሽ ካርድ ላይ «እስካሁን ስለረዳችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። ካርዱን በየዳቦው ላይ አኖርኩት። በራሴ ኮርቼ ተቀመጥኩ።

መምህራኑ ገቡ። አክስቴ፣ ሰው ዳቦ አይቶ እንዲህ ሲሆን ገጥሞኝ አያውቅም። አብራኝ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ወጣቷ ሂሮሴ ካርዱን አንብባ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ኩሱሞቶ ጥርሱን እስኪበቃው መጠጠ።

«መምህር ኖርዲያ... እንዲህ ነው ለካ» አለኝ።

«ምኑ?»

«አይ፣ ምንም አይደል። እኛ ነን የምናመሰግነው። በጣም... በጣም ነው የምናመሰግነው።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነቴን ነው! ዘቢብ ያለበት ዳቦ በልቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ ለሂሮሴ ሁለተኛ ቁራጭ ጨመርኩላት። እሷ ደግሞ ጭራሽ አለቀሰች።

ምናልባት ወሩ ይሆናል ሰውን ሆደ ባሻ ያደረገው። ማርች እዚህ የዝውውር ወር ነው። መምህሩም የመንግሥት ሠራተኛውም ሳያስበው ተነስ ይባልና ሌላ ቦታ ይሄዳል። አቶ ኡኖ እንኳ፣ ያ ያስፈረመኝ፣ ወደ ውሃ ክፍል ተዛውሯል አሉ። ዳቦዎ ግን አልቋል፤ ፍርፋሪም አልተረፈ።

ጓንቱን በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።

ልጅዎ ኖርዲያ

———

ሺማኔ
ማርች 29 ቀን 2002

አክስቴ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ በመጻፌ ይቅርታ። ሰላምታውን እንዳለ ይቁጠሩልኝ።

ተባርሬያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ባዶ ነበር። መሳቢያው ተራግፎ፣ ዕቃዬ አንድ በአንድ ታጥፎ፣ ተደርድሮ፣ በካርቶን ተቀምጧል። ስሜ የተጻፈባት ሰሌዳ ከግድግዳው ወርዳለች። ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ሂሮሴን «ምን ተፈጠረ?» ብላት፣ «በጣም ነው የምትናፍቂን» ብላኝ ሸሸች። አቶ ኩሱሞቶ ዘንድ ሄድኩ። ጥርሱን መጠጠና «በጣም ያሳዝናል። ግን ሁላችንም እንረዳለን» አለኝ። ምኑን ነው የሚረዱት? በምን እንደበደልኩ ሊነግረኝ አፍሮ እንደሆነ ገባኝና እኔም አላስጨነቅኩትም።

ትናንት ተማሪዎቹን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰቡ። ከሚዛወሩት መምህራን ጋር መድረክ ላይ አወጡኝ፤ አበባ አስታቀፉኝ፤ ንግግር አድርጊ አሉኝ። ምን ልበል? «አመሰግናለሁ» ብዬ አለቀስኩ። ልጆቹ ዘመሩልን፤ ከዚያ ከአዳራሹ በር እስከ ግቢው በር ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ እጃቸውን ከላያችን አያይዘው፣ በመሀላቸው አሳለፉን። እዚህ አገር ሰው የሚባረረው በአበባና በመዝሙር ነው፣ አክስቴ። በስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ በስድቡ ቢያንስ ጥፋቴን እሰማ ነበር።

ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። አቶ ኡኖ ሄዷል፤ ተተኪው ገና አልገባም፤ ስልክ ያነሳችው ልጅ ምንም አታውቅም። ፈርሜ ነበር እኮ! ፊርማዬ ምን ዋጋ እንዳለው እንኳ የማውቀው ነገር የለም። ጥፋቴን ስፈልግ ነው የምውለው። ጮክ ብዬ ስለምስቅ ይሆን? ቆሻሻውን በማይወጣበት ቀን ስላወጣሁ? ቤቱም የጽሕፈት ቤቱ ነው፤ መቼ ውጪ እንደሚሉኝ እየጠበቅኩ ዕቃዬን አስሬያለሁ።

ይወዱኛል ብዬ ነበር የማስበው። ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ክፍሌን ያዘጋጁልኝ። እባክዎ ለሰው አይንገሩ።

ኖርዲያ

———

ማልቨርን
ኤፕሪል 9 ቀን 2002

ለልጄ ለዓይኔ ብርሃን ለኖርዲያ፣

ከወደቅሽበት የሚያነሳሽ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን። ምን ቆርጧቸው ነው? የእኔን ዳቦ በልተው? በዘቢቡ አፋቸውን ጠርገው?

ለርዕሰ መምህርሽ ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር። ዲያቆን ኦስበርን አነበበውና «አይሲ፣ ይህንን ከላክሽ ሁለቱ አገሮች ይዋጋሉ» ብሎ ኪሱ ከተተው። እኔ ግን የጻፍኩትን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከመጡ እነግራቸዋለሁ።

አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሳቅሽ ከፍ ያለ ነው፤ ከእኔ የወረስሽው ነው፤ ያልወደደው ጆሮውን ይድፈን። ቀና ብለሽ ነይ።

ክፍልሽ ያንቺ ነው። አንዳንድ ዕቃ ገብቶበታል፤ መጋዝ፣ የወንድ ኮፍያ፣ አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው በይው። ይወጣል። ለጁን የታሰበች ትንሽ ነገርም ነበረች፤ እሷም ትቆይ። አንቺ ስትመጪ ቤቱ ጸጥ ብሎ እንዲቀበልሽ እፈልጋለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ከዲያቆኑ በቀር።

አክስትሽ አይሲልዳ

———

ሺማኔ
ኤፕሪል 10 ቀን 2002

ለክብርት፣ ለውድ፣ ለደጓ አክስቴ!

እንደምን አሉልኝ? እንደምን ከረሙልኝ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዶሮዎችዎ እንደምን ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ! ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶዎት ከሆነ ወደ ምድጃ ይጣሉት። አልተባረርኩም!

ተቀምጠው ይስሙኝ። ከዚያች ከአዳራሿ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም ነበር። ከትናንት ወዲያ ሰኞ፣ አዲሱ የትምህርት ዓመት የሚከፈትበት ዕለት፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሩዝ ስበላ በሩ ተደበደበ። ስከፍተው አቶ ኩሱሞቶ ነው። ጥቁር የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሮ፣ ላብ በላብ ሆኗል። ብስክሌቱን ከኋላው ጥሎታል፤ ጎማው ገና ይሽከረከራል።

«መምህር ኖርዲያ! አሉ?»

«አለሁ።»

«ጃማይካ አይደሉም?»

«ጃማይካ ብሆን ማን ይከፍትልዎት ነበር?»

«አዲሱ የጽሕፈት ቤቱ ሹም አሁን ደውሎ ተቆጣኝ። ‹የእንግሊዝኛ መምህሯ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ለምን ሥራ አልገባችም? ፈርማለች እኮ› አለኝ። ፈርመዋል እንዴ?»

«ጃንዋሪ ላይ ነው የፈረምኩት!»

«ታዲያ ለምን ተሰናበቱን?»

«እኔ? እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያሰናበታችሁኝ?»

«እርስዎ ዳቦ አስቀመጡ!»

«ዳቦ ማስቀመጥ ወንጀል ነው?»

አቶ ኩሱሞቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ አስረዳኝ። ለካ እዚህ በማርች መጨረሻ የሚለቅ ሰው ነው በየጠረጴዛው የሚበላ ነገር ጠቅልሎ፣ «እስካሁን ስለረዳችሁኝ» ብሎ ጽፎ የሚያስቀምጠው። የሚለቅ ሰው ብቻ! ሁለት ዓመት ሙሉ የሚለቁት ሲያስቀምጡ አይቻለሁ፤ ብስኩታቸውንም በልቻለሁ፤ የበዓል ደግነት ይመስለኝ ነበር። እኔ የእርስዎን ዳቦ ቆርሼ በየጠረጴዛው ሳኖር፣ ለእነሱ መልቀቂያዬን አስገባሁ ማለት ነው። አቶ ኡኖ ሲዛወር መፈረሜን ለትምህርት ቤቱ ሳይነግር ሄዷል። እነሱም ሐሳቧን ለውጣ አገሯ ልትገባ ነው ብለው፣ በሐዘን ጠረጴዛዬን አራግፈው፣ በክብር ሸኙኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አልኩት።

«ልሂድ ብሎ ወስኖ ዳቦ የቆረሰን ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ማሳፈር ነው። እርስዎስ?»

«የተባረረ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል? እኔም አፈርኩ።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ታዳኖ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። አቶ ኩሱሞቶን ከዳዴው ጀምሮ ነው የምታውቀው።

«አንተ ልጅ! ይህቺ ልጅ ስታለቅስ የከረመችው ባንተ ምክንያት ነው?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ካርዱን የጻፉላት! የእጅ ጽሑፍዎን አላውቀውም?»

«ጻፊልኝ አለችኝ፣ ጻፍኩ! ዳቦ ላይ እንደምታስቀምጠው በምን አውቄ? ሰው አፍ የተሰጠው ሩዝ ሊበላበት ብቻ ነው?»

አቶ ኩሱሞቶ ጥርሱን ሊመጥ ጀመረና መሀል ላይ ሳቅ አሸነፈው። እኔም ያን ትምህርት ቤቱ አይወደውም ያልኩትን ሳቄን ለቀቅኩት፤ ሳቁ ደግሞ ወደ ልቅሶ ዞረ። ለካ ይወዱኝ ነበር፣ አክስቴ። የሸኙኝ ስለሚወዱኝ ነው። ያን ሁሉ ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ እዚያው ደረጃ ላይ ወረደልኝ።

ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ከብስክሌቱ ጋር እኩል ሮጥኩ። አዳራሹ ስንገባ ልጆቹ ተሰልፈው ነበር፤ ሥነ ሥርዓቱ ተረበሸ። ከሦስተኛ ዓመቶቹ አንዷ «መምህር፣ ጃማይካ እንዲህ ቅርብ ናት እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሂሮሴ በርዕሰ መምህሩ ፊት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የሰጡኝን ስጦታ ልመልስ ብል ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቆጣኝ።

የመስኮቷን ቦታዬን አዲስ የስፖርት መምህር ወስዷታል። አሁን የምቀመጠው ከአቶ ኩሱሞቶ ጎን ነው። ዛሬ ከረሜላ ባቀብለው ከመውሰዱ በፊት አየኝና «መምህር፣ ይቺ ትርጉም አላት?» አለኝ።

እቆያለሁ፣ አክስቴ። ደስ ብሎኛል።

ልጅዎ ኖርዲያ

———

ሺማኔ
ኤፕሪል 22 ቀን 2002

ለውድ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከትናንት በስቲያ የቁጣ ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ የእኔ የምሥራች እስካሁን ደርሶዎት አርፈዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ከእንግዲህ ሳልጠይቅ የማልፈው ነገር የለም። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሳ የምትቀድስ ቤተ ክርስቲያን የት አለች? ኮፍያው የማን ነው? ለጁን ታስቦ የነበረውስ ምንድን ነው?

እባክዎ ቤቱን ለእኔ ብለው ጸጥ አያድርጉት።

ኖርዲያ

———

ማልቨርን
ሜይ 6 ቀን 2002

ለልጄ ለኖርዲያ፣

ምስጋና እንባን ለሚያብስ አምላክ ይሁን። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ አብረው መጡ። የመጀመሪያውን ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አንብቤ ስለጮህኩ የፖስታ ቤቷ ልጅ ሰው የሞተብኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ።

በግልጽ ጠይቀሽኛል፤ በግልጽ ልመልስልሽ። ኮፍያው የኦስበርን ነው። በገና በዓል ሰሞን እንድንጋባ ጠየቀኝ፤ እኔም ሳስበው፣ ስጸልይበት፣ ሳኮርፈው ቆይቼ ማርች ላይ እሺ፣ ሠርጉ ጁን ይሁን አልኩት። ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ! ደግሞስ ልጅቷ ራቅ ስትል አክስቷ ባል አመጣች እንዳትዪ።

ያ ተባረርኩ ያልሽው ደብዳቤ ሲመጣ ላንቺ አለቀስኩ። ቀጥሎ ለራሴ አለቀስኩ፤ ይህንንም እወቂው። ኦስበርንን ጠርቼ «ልጄ ተሰብራ እየመጣች ነው፣ የሠርግ ቤት አላሳያትም፣ ነገሩ ይቅር» አልኩት። ኮፍያውን አነሳ፣ መጋዙን ትከሻው ላይ አደረገ፣ በዝናቡ ወጣ። እኔም በሩን ዘግቼ የመጣውን ቻልኩት፤ ላንቺ ሲባል የማልችለው የለም። ግን ከባድ ነበር፣ ልጄ። ቤቱ በጣም ጸጥ አለብኝ።

እቆያለሁ ያልሽውን እንዳነበብኩ ከፖስታ ቤት በቀጥታ ወደ እሱ ቤት ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ ወጣ፤ ይውጣ። በረንዳው ላይ አተር ይፈለፍል ነበር።

«ኖርዲ ቆየች!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔስ?»

«አንተም ቤቴ ግባ።»

አተሩን ደፍቶት ተነሳ። ሁለት አሮጌዎች መሬት ላይ አተር ስንለቅም ብታይን በዚያ ሳቅሽ መንደሩን ታነቂው ነበር።

ሠርጉ ትምህርት ቤትሽ ሲዘጋ፣ ኦገስት ላይ ነው። ሂሮሴንም ጥሪያት፤ ያንን ጥርሱን የሚመጠውን ሰውዬም፤ ብቻ እዚህ አፉን ይጠብቅ። ሦስት ገጹ ደብዳቤ ተቃጥሏል በያቸው። የምትተኚው ሳሎን ነው፤ ክፍልሽ በሰውዬው ዕቃ ሞልቷል፤ አላስወጣም።

ከሄድሽ ጀምሮ በልቤ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቼ ትመጪያለሽ የሚል። ዘንድሮ ግን የመመለሻሽን ቀን ቆርጠሽ ነይ። ሰው ሲጠይቀኝ፣ ልጄ እንግዳ ሆና መጥታለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ማለት አምሮኛል።

አክስትሽ
አይሲልዳ ፓርችመንት፣ በባሌ ስም እስክጠራ፣ እስከ ኦገስት ድረስ